የበቀሉ ችካሎች

ደረቅ እንጨት አምጡ ብዬ ነበር። ያልኩትም አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ አንዱንም በጽሑፍ። መሬቱን የምንቀይስበት ችካል ደርቆ የከረመ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር፣ ጫፉ የሾለ። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች እሺ አሉ። በነጋታው ከገዘር ከተማ ዝቅ ብሎ ያለው ተረተር ላይ ስንደርስ ተከምሮ የጠበቀን ትኩስ የኮርች እንጨት ነበር። ቅርፊቱ አረንጓዴ ነው፣ የተቆረጠበት ጫፍም ገና እርጥብ ነው።

ኮርች እሾሃም፣ ለስላሳ፣ ለማገዶም ለቤት ሥራም የማይረባ ዛፍ ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ያወጣል። ቅርንጫፉን ቆርጠው መሬት ላይ ቢሰኩት ይበቅላል፤ ስለዚህ በዚያ ተረተር አጥሩም ወሰኑም እሱ ነው። ይህን ዛሬ በእርጋታ አወራዋለሁ እንጂ ያን ቀን የታየኝ ትዕዛዜ አለመከበሩ ብቻ ነበር። ጮኽኩ። ሰዎቹ ጩኸቴ ሲያልቅ ሊያግዙን ተነሡ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ አርክቴክት ነበርኩ። ወደ ጂንካ የተላክሁት ለከተማዋ የማስተር ፕላን ጥናት እንዳዘጋጅ ነው። የመጣሁበት አውሮፕላን ከከተማው መሐል ያለው ሣር ሜዳ ላይ ከማረፉ በፊት ሁለቴ ዞረ፤ ከብቱ ከሜዳው እስኪባረር ነው። የመጀመሪያ ማስታወሻዬን የጻፍኩት ስለዚሁ ሜዳ ነበር። ከተማዋ ስታድግ መተንፈሻዋ እሱ ይሆናልና ዙሪያውን ዛፍ ይተከልበት፣ የወንዙ ዳርና ዳርም ቤት አይሠራበት አልኩ። ጽሑፌን የተቀበለኝ ሰው ማኅተም መታበትና ወደ መዝገብ ቤት ላከው። ከዚያ ወዲህ ያነበበው ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ የለኝም።

አርክቴክት ምን እንደሆነ ለማስረዳትም ያልሞከርኩት ነገር የለም። አለቆቼ «ጓድ ኢንጂነር» ይሉኛል፤ ላርማቸው ስሞክር «ያው ነው» ይላሉ። ያው አይደለም። የመሳያ ጠረጴዛ ጠይቄ የተሰጠኝ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሠራተኞቹ መረባቸውን ይዘው ስለሚመጡ እኔ ወረቀቴን ጠቅልዬ ጥግ እይዛለሁ። የጂንካ የመጀመሪያ የኮረብታና የውሃ መውረጃ ካርታ የተሠራው እንዲህ ነው፤ በጨዋታ መካከል።

እንዲህ ከጠረጴዛ ጋር ስታገል የመንደር ምሥረታ ዘመቻ መጣ። በየእንሰቱ ጓሮ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ አንድ ቦታ ይሰብሰብ ተባለ፤ የከተማው ጥናት ይቆይና መንደር ቀይስ ተባልኩ። ሰው ከገዛ ጓሮው ለምን እንደሚነሣ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለራሴ የሰጠሁት ማጽናኛ፣ መሰብሰቡ ካልቀረ ቢያንስ ደህና ቦታ ይሰብሰብ የሚል ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ጥሩ መስመር ብዙ ነገር ያስተካክላል ብዬ አምን ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ቀያሽ ከወላይታ የመጣ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ጴንጤ ነበር። ጸሎት ቤታቸው በታሸገበት በዚያ ዘመን መዝሙሩን በአፍንጫው እያንጎራጎረ ይለካ ነበር። የአካባቢውን ቋንቋ፣ አሪኛን፣ አቀላጥፎ ስለሚናገር ገበሬዎቹ እኔን ከመስማት ይልቅ እሱን መስማት ይወዳሉ። በኮርቹ ነገር ስበሳጭ «ፀሐይ ሳይከር እንጀምር፤ ለዛሬ ይሁን» አለኝ። ይሁን አልኩ። ያቺ «ይሁን» የሙያ ሕይወቴን ሙሉ ተከትላኛለች።

መንገድ እንዲመራን የተሰጠን አንድ ሽማግሌ ነበር። ጓሮው ከተረተሩ በላይ ነው፤ እሱም ወደ አዲሱ መንደር ከሚወርዱት አንዱ ነው። አማርኛውን የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ የሚያወራው ለሽያጭና ለግዢ የሚበቃውን ያህል ነው፤ የተረፈውን በእጁ ያሳያል። ከተረተሩ መሐል ላይ ሣር የለበሰች፣ እዚህ ግባ የማትባል ጎድጓዳ መሬት አለች። እኔ ዘልዬ ላልፋት ስል ሽማግሌው ቆመ።

«ውሃ መንገዱ ይሄ ነው» አለ፣ በእግሩ እየረገጠ። «ሰው እዚህ አይተኛም።»

በውሃ ልክ ቱቦ ለካን። እውነቱን ነው። ከላይ ያለው ኮረብታ ጎርፉን ሁሉ የሚሰጠው ለዚያች ጎድጓዳ ነው። ስለዚህ ቤቶቹን በሦስት ረድፍ የኮረብታውን ወገብ እያስከተልኩ አዞርኳቸው፤ ውሃ መውረጃዋን ክፍት ተውኩላት፤ ከግራና ከቀኝ ሣርና ዛፍ አሰብኩላት። ሽማግሌው በመጥረቢያው ጀርባ ችካሉን እየመታ፣ ቀያሹ እያንጎራጎረ፣ እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ በአንድ ዓይኔ እያየሁ ሦስት ቀን ሠራን። ደስ ብሎኝ ነበር። በሥራዬ እንደዚያ የተደሰትኩባቸውን ቀናት ብቆጥር ከአንድ እጅ ጣቶች አያልፉም።

ፕላኑን ይዤ ጂንካ፣ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህም ነገሩን አባሰው። ወረቀቱን ወደ ራሱ አዞረው፣ መልሶ ወደ እኔ አዞረው፤ ከዚያ መስመሩ ለምን እንደጠመመ ጠየቀኝ። ስለ ኮረብታው ወገብ፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ አፈሩ መታጠብ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ ከላይ የመጣውን ሞዴል ዘረጋ፤ ቤቶቹ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ውሃው ቦይ ይቆፈርለታል አለ። ማን ይቆፍረዋል አልኩ። በዘመቻ አለ። ለዘመቻውም ዘመቻ ነበረን።

ጥቂት ተከራከርኩ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቃውሞዬ በመስመሩ ላይ ብቻ ወይስ በመንደር ምሥረታው ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ፊት ለፊቱ ያለውን ወረቀት ማየት ጀመረ።

«በመስመሩ ብቻ» አልኩ። ከዚያ «እሺ» አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተረተሩ ላይ ተመልሼ ቀጥ ያለውን ቀየስኩ። በዚህኛው አልተታለልኩም፤ ደረቁን የባሕር ዛፍ ችካል ራሴ ከጂንካ በላንድሮቨር ጭኜ ነው የወጣሁት፤ ጫፍ ጫፉንም ቀይ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ሽማግሌው እንደ ፊተኛው መጥረቢያውን ይዞ መጣ፣ መታ። ውሃ መንገዷ ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ አየኝና መታ። ስንጨርስ የኮርቹ ችካሎች እንዲነቀሉ ነገርኳቸው። እሺ አሉ።

የዚያ አገር እሺ ዕድሜዬን አሳጥሮታል። ነገ ኑ፣ እሺ። ቦዩን ቆፍሩ፣ እሺ። ፊታቸው ላይ እምቢታ የለም፣ ቂም የለም፤ የምትለውን ነገር ግን ካንተ ተቀብለው አንድ ቦታ ያስቀምጡትና የራሳቸውን ይሠራሉ። እምቢ ቢሉኝ እከራከር ነበር። ከእሺ ጋር እንዴት ይከራከራሉ? የራሴን እሺ ጂንካ ላይ ጥዬ ስለመጣሁ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ሁለት ወር ዝናብ ሆነ፤ መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ከቀያሹ ጋር በእግርም በመኪናም ተረተሩ ላይ ደረስን። የእኔ ደረቅ ችካል ገሚሱን ምስጥ በልቶታል፣ ገሚሱ ምድጃ ገብቷል፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ስባሪ አንድ ጎጆ ደጃፍ አመድ ውስጥ አየሁ። የኮርቹ ችካል ግን አንድም ሳይቀር ቅጠል አውጥቷል። ሦስቱ ረድፍ በኮረብታው ወገብ ዙሪያ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። ቤቶቹም በዚያው ተጀምረዋል። ምሰሶዎቹ እያንዳንዳቸው ከበቀለው ችካል አጠገብ፣ ደጃፋቸው ወደ ቁልቁለቱ፣ ውሃ መንገዷ ባዶዋን።

ቀያሹ ሣቀ። እኔ ደሜ ፈላ። ሽማግሌውን ጠርቼ፣ አባቴ ምን አድርጋችሁ ነው፣ ሁለተኛውን አብረን አልተከልንም ወይ አልኩት። አዎ ተክለናል አለ። ታዲያ?

«ያኛው ሞተ፤ ይሄኛው አለ» አለኝ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ፣ ቀስ ብሎ ቀጠለ። «ይሄን መሬት አይተህ ተከልክ። ያን ወረቀት አይተህ ተከልክ።»

መደሰት ነበረብኝ። ሰው የሣልኩትን ፕላን ከነምክንያቱ ተረድቶ፣ ከአለቆቼ ደብቆ፣ ሠርቶልኛል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ገጥሞኝ አያውቅም። እኔ ግን ፈራሁ። ጎብኚዎች ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከአርባ ምንጭ በሳምንቱ እንደሚመጡ ተነግሮኛል፤ ሰብሳቢውም «ተቃውሞህ በመስመሩ ብቻ ነው?» ሲል የነበረው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ይህን ጠማማ መንደር ካዩ መልስ ሰጪው ሽማግሌው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

እዚያው ቆሜ መላ መታሁ። ያን ጊዜ በመላዬ ኮርቼም ነበር። ጎብኚ ከመኪና እንደማይወርድ አውቃለሁ። ከመንገዱ የሚታየው የታችኛው ረድፍ ብቻ ነው። እሱን ቀጥ ካደረግሁት፣ ላይ ያሉት ሁለቱ እንደተጠማዘዙ ሊኖሩ ይችላሉ። ከሦስት ረድፍ ሁለቱን ማዳን ነው። ችግሩ የታችኛው ረድፍ ቀጥ ሲል ጫፉ ውሃ መንገዷ ላይ ያርፋል፤ አንድ ቤት እላይዋ ላይ ይወድቃል። ቦይ ይቆፈርለታል አልኩ። የሰብሳቢውን ቃል ከአፉ ወስጄ።

ረድፉ የሚጠምምባቸው፣ እዚያ ጋ ያሉት ዘጠኝ ችካሎች ይነቀሉ አልኩ። እሺ ያለ ሰው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ጠፋ። ቆመው እጃቸውን አጣጥፈው መሬት መሬት ያያሉ። ቀያሹ ጠጋ ብሎ፣ እዚህ ሰፈር የበቀለ ወሰን የነቀለ ሰው ራሱ መልሶ መትከል አለበት፤ ሌላ ሰው አይተክልለትም፤ ስለዚህ መንቀሉን የሚደፍር የለም አለኝ። እኔ ለወግና ለልማድ ጊዜ አልነበረኝም። እሺ እሺ አልኩትና ሸሚዜን ሰብስቤ ዘጠኙንም በገዛ እጄ ነቀልኩ። ሥር ሰደዋል፤ ስስባቸው አፈር ይዘው ይወጣሉ። እሾሁ መዳፌን ቧጨረው። ሽማግሌው የነቀልኳቸውን እየሰበሰበ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው።

ቤቶቹ በዕጣ ተከፋፈሉ። ውሃ መንገዷ ላይ ያለው ቤት ለሽማግሌው ደረሰው። ወረቀቱን ከገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር እጅ ተቀብሎ ገልብጦ አየው፤ ማንበብ አይችልም። ቀያሹ የት እንደሆነ በጣቱ ሲያሳየው ያንን ቦታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። እምቢ እንዲል ፈለግሁ። እምቢ ቢል ዕጣው ይደገም ብዬ ልከራከርለት፣ ቢያስፈልግ ረድፉን በአንድ ቤት ላሳጥርለት በሐሳቤ ተዘጋጅቻለሁ።

«እሺ» አለ።

እኔም ዝም አልኩ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሳይጠየቅ መናገር የሚችለው ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን የሱን እምቢታ እጠብቅ ነበር።

ጎብኚዎቹ መጡ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ከመኪና አልወረዱም። መስኮት ዝቅ ተደርጎ የታችኛው ረድፍ ታየ፣ ቀጥ ማለቱ ተመሰገነ፣ መስኮቱ ተዘጋ። ሰብሳቢው ጂንካ ላይ ትከሻዬን መታ አድርጎ ጥሩ ሠራህ አለኝ። ቦዩ ለዘመቻ ተያዘ። ለቦዩ የተያዘው ዘመቻ ለሌላ ዘመቻ ተላለፈ። እኔ በየሳምንቱ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ ማስታወሻዎቼ ሁሉ ማኅተም አገኙ።

በሁለተኛው የዝናብ ወቅት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጂንካ ላይ የፒንግ ፖንግ ኳስ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆርቆሮው ጮኸ። በማግሥቱ ጎረቤቶች የሽማግሌውን ሚስት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጂንካ ጤና ጣቢያ አወረዷት። ጎርፉ ቤቱን ከጎኑ መትቶ ግድግዳውን እላይዋ ላይ ጥሎታል፤ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በዚያ መንደር ከነበሩት ቤቶች የተነካው እሱ አንዱ ብቻ ነው። ላይኞቹ ሁለት ረድፎች ጓሮአቸው እንኳን አልታጠበም።

ሄድኩ። ሽማግሌው ከደጅ ግንቡን ተደግፎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሣ፤ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፤ ስለመጣህ ጥሩ ነው አለኝ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? ሰው በቁጣ ሲመጣብህ ቢያንስ የምትመልሰው ነገር ታገኛለህ። እኔ ስለ ቦዩ መቀባጠር ጀመርኩ፣ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ፣ ለማን ለማን እንደጻፍኩ። እስክጨርስ ሰማኝና፣ እግሯ ሲድን ወደ እንሰታቸው ለመመለስ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ አይደለሁም አልኩት። ፈቃዱ አልተገኘም። ዘመድ ጋ ተጠግተው ከላይኛው ረድፍ ኖሩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ከተማው ጥናት ተመለስኩ። ተረተሩ ላይ ግን አልወጣሁም፤ ሁልጊዜ አንድ ምክንያት ነበረኝ። መኪና ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ስብሰባ አለ።

ከዓመታት በኋላ፣ መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው፣ የፈለገ ወደ ነባር ቦታው መመለስ ይችላል ተባለ። ያ ሁሉ የተሰበሰበ ሰው ምሰሶውን ነቅሎ፣ ክዳኑን ተሸክሞ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደየእንሰቱ ገባ። የተረተሩም መንደር ባዶ መቅረቱን የሰማሁት ጡረታ ሊወጣ ከተቃረበው ቀያሽ ነው። ሂድና እየው አለኝ። አልነዘነዘኝም፤ ግን በየጠዋቱ ቢሮ ሲገባ «አየኸው?» ይለኛል። ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ በየካቲት መጨረሻ፣ ሰለቸኝና ሄድኩ።

ቤት የለም። አንድም የለም። ኮርቹ ግን ከሰው ቁመት በላይ አድጓል፣ ቅጠሉን አራግፎ አብቧል። ሁለቱ ላይኛ ረድፎች ሙሉ ናቸው፤ ቀይ መስመር የኮረብታውን ወገብ ይዞ ይዞራል፣ ከሥሩ አፈሩ ተይዟል፣ ከብት ተኝቶበታል። ልክ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛው ላይ እንደሣልኩት ነው። ብዙ ከተማና ብዙ መናፈሻ ሥዬ፣ ሳይሸራረፍ መሬት ላይ የወረደልኝ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው አይኖርበትም። ሦስተኛውም ረድፍ አለ፤ ጫፉ ላይ ግን ይቋረጣል። ዘጠኝ ችካል በጎደለበት ልክ መሬቱ ተከፍቷል። ያቺ እዚህ ግባ የማትባል ጎድጓዳ ሰው ቢገባባት የማይታይባት ቦረቦር ሆናለች።

ሽማግሌው መምጣቴን ከላይ አይቶ ወረደ፤ ሚስቱ በትር ተደግፋ ቀስ ብላ ተከተለችው። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቅን። ከዚያ ሳላስበው የድሮው ንዴቴ መጣብኝ። ይህን ያህል ዓመት፣ ኮርች በሞላበት አገር፣ ለዚህች ክፍት ቦታ ዘጠኝ እንጨት እንዴት ጠፋ? ለምን መልሳችሁ አልተከላችሁም አልኩት።

«አንተ ነቅለህ» አለ ግራ ገብቶት። «አንተ ትመጣለህ ብለን።»

ቀያሹ ያን ቀን በጆሮዬ የነገረኝ ትዝ አለኝ። ሽማግሌው መልስ አልጠበቀም። ወደ አንዱ ኮርች ሄዶ ቅርንጫፉን በመጥረቢያው ቆረጠ፣ ሌላ ቆረጠ፣ ጫፋቸውን አሾለ፤ ዘጠኙን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠና መጥረቢያውን ሰጠኝ። ቅርፊታቸው አረንጓዴ ነበር። አራቱን ከቦረቦሩ ወዲህ፣ ሁለቱን ከወዲያ መታሁ። የቀሩት ሦስቱ እታች፣ ድንጋይና አሸዋ ብቻ በቀረበት፣ የመጀመሪያው ጎርፍ ይዟቸው የሚሄድበት ቦታ ላይ የሚውሉ ነበሩ። ይህን እኔም እሱም እናውቃለን። ቢሆንም ወረድኩ።

ሚስቱ ከቦረቦሩ አፋፍ ላይ በትሯን ይዛ ቆማ ከላይ ታየኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ አማርኛም የምታውቅ አይመስለኝም ነበር።

«ብዙ ቆየህ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ የቀሩትን መምታት ቀጠልኩ።